ጅቡ የሚያርፍበት ካርድ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ኳስ ከዛሬ ጀምሮ ወደ መማሪያ ክፍል እንዳትገባ ተወስኗል።

ውሳኔው በሦስት ቅጂ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ክብ ማኅተም ተመትቶበት፣ አንዱ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ፣ አንዱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ጎን፣ ሦስተኛው ደግሞ በስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ኳሶቹ ራሳቸው እንዲያነቡት የተፈለገ ይመስል ከመደርደሪያቸው ፊት ለፊት ተለጠፈ። እንግሊዝኛ የሚማሩ የሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ኳስን፣ መረብን፣ ራኬትንና ፊሽካን ከእንግዲህ የሚያዩት በስክሪን ብቻ ነው።

ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ አልሰፈረም፤ ግቢው ግን ያውቀዋል። «ኪክ» የሚለውን ቃል በተግባር እንዲያሳይ የታዘዘ አንድ ተማሪ ከሚገባው በላይ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። ኳሷ በተከፈተው በር ወጥታ፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዳይሬክተሩን ፎቶግራፍ መታችው። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም በግራ ዓይኑ ላይ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፉ የሚያልፈውን ሁሉ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ይመስላል። መምህራኑ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሳይታወቃቸው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።

ዳይሬክተሩ የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል «ጋሽ ማኅተም» ይባላል፤ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር አያምንምና። የሦስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ልጁ ናት። ተማሪዎቹ «ሚስ» ይሏታል፤ ውሎ አድሮ ግቢው ሁሉ ሚስ ብሏት ቀረ። የተማረችውን ትምህርት አባቷ መረጠላት፤ ሥራዋን አባቷ መረጠላት፤ አሁን ደግሞ ባል መርጦላታል። የተመረጠው አዲሱን ሕንፃ የሚሠራው ኢንጂነር ነው፤ ደህና ሰው ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው፣ ሲስቅ እንኳ ለክቶ ነው።

ኳስ ስትታገድ ሚስ ኢንተርኔት ላይ ካርድ መሥራት ጀመረች። አሠራሩ ቀላል ነው። በነፃ ፎቶ ከሚሰጡ ድረ ገጾች ሥዕል ታወርዳለች፤ ከሥሩ ቃሉን ትጽፋለች፤ ልጁ ሥዕሉን ሲነካው አንዲት የማትታይ ሴት «ስዊሚንግ» ትላለች። ካርዱ ሲገለበጥ ደግሞ ጀርባው ላይ ለአስተማሪ ብቻ የሚታይ የማስታወሻ ቦታ አለ፤ ቃሉ እንዴት እንደሚነገር፣ ልጆቹ ምን እየሠሩ እንደሚማሩት፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ የሚጻፍበት። የሚሳሳቱበት ቦታ የታወቀ ነው፦ እግር ኳስ በ«ፕሌይ»፣ ካራቴ በ«ዱ»፣ ዋና በ«ጎ» መሄዱ አይዋጥላቸውም፤ ሁሉንም ፕሌይ አድርገው ይገላገሉታል። አርባ ሁለት ካርድ ተሠራ። የየስፖርቱን እንቅስቃሴ በማስታወሻው ላይ እንዲያስረዳ ጋሽ ማኅተም በደብዳቤ ያዘዘው የስፖርት መምህሩን ነው። ያም ደብዳቤ ማኅተም ነበረው። ዳይሬክተሩ በዚያች ማኅተም ምን እንዳጸደቀ ቢያውቅ ኖሮ ቀለሙን ጠጥቶ ይጨርሰው ነበር።

የስፖርት መምህሩን «ኮች» ይሉታል። ጉልበቱ እስኪበጠስ ድረስ የክለብ በረኛ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ ነው፤ ያደገው እዚያው፣ ከዋናው በር ጥግ ካሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። አባቱን ተማሪዎቹ «አባ ቆልፍ» ይሏቸዋል። አባ ቆልፍ በዚያ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል። «በሩን እስከጠበቅህ ድረስ ቤቱ ያንተ ነው» ብሏቸዋል ዳይሬክተሩ፤ ወላጅ ባለበት «እርስዎ»፣ ወላጅ በሌለበት «አንተ» ነው የሚላቸው። ልጃቸውንም በነፃ አስተምሯል፤ ይህንን ደብቆት አያውቅም። በየዓመቱ ወላጆች ሲሰበሰቡ ኮችን ከመቀመጫው ያስነሣውና «ይህ የዘበኛችን ልጅ ነው» ይላል። ወላጆች ያጨበጭባሉ። ኮች አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አባ ቆልፍ በሩ ላይ ሆነው በድምፅ ማጉያው ይሰማሉ።

በካርዶቹ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ማስታወሻ ንጹሕ ትምህርት ነበር። ኮች በከፍታ ዝላዩ ካርድ ጀርባ «ልጆቹ ቆመው ይዝለሉ» ብሎ ጻፈ። ሚስ ከሥሩ «አንተስ ትዘላለህ ወይ?» አለችው። በማግስቱ «ጉልበቴ አይችልም፤ ልቤ ግን አንቺ ስታልፊ ያለ ፈቃድ ይዘላል» የሚል ጠበቃት። ይህን ያነበበችው ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ታብሌቷን ይዛ ነው። በዚያ ክፍለ ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ቴኒስ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ስፖርት መሆኑን ተማረ።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ግቢ ውስጥ ሲተያዩ «እንደምን አደርክ ኮች»፣ «እግዜር ይመስገን ሚስ» ብቻ ነበር፤ የሷ ዓይን ፊሽካው ላይ፣ የሱ ዓይን መሬቱ ላይ። ነገሩ ሁሉ ያለው ከካርዱ ጀርባ ነው። በብስክሌቱ ካርድ ላይ፣ ልጅ ሳሉ የሷ መኪና ሲገባ በሩን ከአባቱ ጋር ይዞ ይከፍት እንደነበር ጻፈላት። እሷም በኋላ መስታወት ታየው እንደነበር፣ አንድ ቀን እጇን ልታወዛውዝለት አንሥታ አፍራ ፀጉሯን እንዳስተካከለች ነገረችው። ሕፃናቱ ፕሮጀክተሩን እያዩ «ቦክሲንግ» ብለው ሲጮኹ፣ ከዚያው ቃል ጀርባ «ትናንት አልመጣሽም፤ ቀኑ ለማን ብሎ እንደነጋ እንጃ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ ነበር።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ሰው ደስታውን በጽሑፍ ሲያስቀምጥ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ይመስለዋል።

*

ጅቡ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ፣ በእረፍት ሰዓት ነው።

ካርዶቹ ሲከፈቱ ከላይ በስተቀኝ ማን እንደገባ የሚያሳዩ ትንንሽ ክቦች አሉ። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ የሷና የሱ። ያን ዕለት ሦስት ሆኑ። ስሙን ሳያስመዘግብ ለሚገባ ሰው ድረ ገጹ የእንስሳ ሥዕል ያድለዋል፤ ለአንዱ ጥንቸል፣ ለአንዱ ኤሊ። ለዚህኛው የደረሰው ጅብ ነው።

ሚስ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ጅቡ ሲንቀሳቀስ አየችው። ከካርድ ወደ ካርድ ይሄዳል፣ በዝግታ፣ ፊደል በጣት እየተከተለ እንደሚያነብ ሰው። አንዱንም አይዘልም። የግብ ጠባቂው ካርድ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ደቂቃ ቆመ፤ አምስት ደቂቃ ቆመ፤ የእረፍቱ ደወል እስኪደወል እዚያው ነበር። ከዚያ ጠፋ።

ወዲያው የሠራተኞቹን ግሩፕ በስልኳ ከፈተች። ካርዶቹ ሁለት ሊንክ አላቸው፤ አንዱ የልጆች ነው፣ ፊቱን ብቻ ያሳያል፤ ሌላው የአስተማሪ ነው፣ ጀርባውን ይከፍታል። ከአምስት ሳምንት በፊት «ውድ ባልደረቦች፣ የሦስተኛ ክፍል የስፖርት ካርዶች እነሆ» ብላ ስትልክ የላከችው ሁለተኛውን ነበር። ሰባ አራት ሰው ላለበት ግሩፕ፤ አባቷም አለበት። ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ አውራ ጣትና አንድ ጽጌረዳ ተልኮላታል።

በግብ ጠባቂው ካርድ ፊት ላይ ያለው ሥዕል ከድረ ገጽ የወረደ አይደለም። ኮች ራሱ ነው፤ ጉልበቱ ከመጎዳቱ በፊት፣ አረንጓዴ ማልያ ለብሶ፣ አየር ላይ ተንጋሎ ኳስ በጣቱ ጫፍ ሲነካ። ከጀርባው ግን ከአርባ ሁለቱ ሁሉ የከፋው ደብዳቤ አለ። ባለፈው ሳምንት ሚስ አብረን ከዚህ እንውጣ ስትለው የመለሰላት ነው፦

«ኢንጂነሩን እሺ በይው። አንቺን ይዤ ብወጣ ጋሼ በማግስቱ አባቴን ያስወጣዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተኛበት ቤት የሱ አይደለም፣ የበሩ ነው። እህቱ ጋ እንዳይሄድ በሁለት ክፍል ዘጠኝ ሰው ነው ያለው። አባቴን ሜዳ ላይ ጥዬ ያገኘሁት ደስታ አይዋጥልኝም። አንቺን ማጣት እችላለሁ አልልም፤ ግን እሱን ማስወጣት አልችልም።»

ከሥሩ የሷ መልስ አለ፦

«ዓርብ ወላጆች ፊት አባቴ ኢንጂነሩን ‹ልጄ› ብሎ ያስተዋውቀዋል። እሱ አንዴ በሕዝብ ፊት ካለ በኋላ እኔ እምቢ ማለት አልችልም። እስከዚያ አንድ ቃል ጻፍልኝ። ‹ነይ› ካልክ እመጣለሁ። ዝም ካልክ ዝምታህን አነበዋለሁ።»

ጅቡ ደወል እስኪደወል የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሚስ ታብሌቷን አጠፋች። በጠቆረው ስክሪን ላይ የገዛ ፊቷን ስታይ፣ ከጀርባዋ የተሰነጠቀ ዓይን የሚያያት መሰላት።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ልምምድ የሚደረደር ኮን ልትወስድ መስላ መጋዘን ገባች። ኮች ኳስ እየነፋ ነበር።

«ጅቡ አባቴ ነው» አለችው፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ጋሼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በሦስት ቅጂ ይደርሰን ነበር ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። ጠዋት ቁርስ ላይ አባቷ እንቁላል እየላጠ የዓርቡን ንግግር ማዘጋጀቱን እንደነገራት፣ ከዚያ ቅርፊቱን እጁ ላይ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ እንዳያት ነገረችው። ሲጮህ እንደማትፈራው፣ ዝም ሲል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምትፈራው ነገረችው። ኮች ፓምፑን አስቀመጠ። ዛሬውኑ ካርዶቹን እናጥፋቸው አለ። ያነበበው አንብቧል፣ ፎቶ አንሥቶትም ይሆናል፣ አሁን ማጥፋት እኛው ነን ብሎ መፈረም ነው አለችው።

«ደግሞም አላጠፋቸውም» አለች። «ትምህርቴን እሱ መረጠው። ሥራዬን እሱ መረጠው። በሕይወቴ በገዛ እጄ የጻፍኩት እዚያ ያለው ብቻ ነው።»

ኮች ኳሷን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወራት።

«ደብዳቤዬን አንብበሻል።»

«አንብቤዋለሁ። አሁን በአፍህ በለው።»

«ምኑን?»

«ኢንጂነሩን እሺ በይው በለኝ። ዓይኔን እያየህ።»

ዓይኗን አየ። አየና መሬቱን አየ። ኳሷ መድፈኛዋ አልተጠበቀም ነበር፤ በመዳፉ መካከል ሆና ቀጭን ትንፋሽ ታወጣለች።

«አባቴ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። ከዚያ በር ላይ ብታነሽው የት እንደሚቆም አያውቅም።»

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ምን ብዬ?»

«ልጅህ ላንተ ብሎ ራሱን እየቀበረ ነው፣ ታውቃለህ ወይ ብለህ።»

ይህን ጨርሶ እንዳይሰሙ፣ ቢሰሙ ልባቸው እንደሚሰበር፣ እሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው ደህና ሥራ ይዞ፣ ደህና ሰው ሆኖ፣ ደህና መዋሉን ብቻ እንደሆነ አጉረመረመ። ሚስ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«የመጣውን ሁሉ ስትመልስ ነበር አሉ፣ በረኛ እያለህ» አለችው። «ጎበዝ ነህ።»

ኮኖቹን ሳትወስድ ወጣች። ኮች የያዛት ኳስ ሙሉ በሙሉ እስክትሟሽሽ ድረስ አልለቀቃትም፤ ስትሟሽሽም እያሰበ የነበረው ስለ ኳስ አልነበረም።

ሐሙስ ጅቡ ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ የትም ሳይዞር በቀጥታ ወደ ግብ ጠባቂው ካርድ ሄደ። ኮች «ነይ» ብሎ ሊጽፍ ሁለት ጊዜ ከፈተው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጅቡን እዚያው ተጋድሞ አገኘው። በዚያ ፍጡር ፊት አንድ ፊደል መጻፍ አልሆነለትም። አባቱ ያን ዕለት ራት አልበሉም። ምን ሆንክ ቢላቸው ዓይናቸው ደክሞ እንደሆነ ነገሩት፤ ልጃቸውንም ባለውለታ እንደሚያይ ሰው አዩት። ኮች ይህን ልብ አላለም። የራሱ ፍርሃት የሞላው ሰው የሌላውን ፊት የሚያነብበት ቦታ የለውም።

ሚስ ዝምታውን አነበበችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ዓርብ ደረሰ።

*

የሦስተኛ ክፍል ወላጆች በልጆቻቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተደርድረዋል። ጋሽ ማኅተም ከፊት በባለመደገፊያ ወንበር ተቀምጧል። ኢንጂነሩ በመስኮቱ ሥር ሆኖ በስልኩ ይቀርጻል። መምህራኑ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ኮች በሩ አጠገብ።

ጋሽ ማኅተም ማይክ ይዞ ስለ ቴክኖሎጂ ተናገረ። ትምህርት ቤቱ ከኳስ ወደ ካርድ መሸጋገሩን ዓለም ከድንጋይ ወደ ብረት እንደተሸጋገረ አድርጎ አቀረበው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፦ አንተ ልጅ፣ እስቲ ብቅ በል። ኮች አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። «ይህ የዘበኛችን ልጅ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። ግቢው ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ «የዘበኛችን ልጅ ነው» ሲል ከውጭ መለሰለት። ወላጆች አጨበጨቡ። ኢንጂነሩም አጨበጨበ፤ አንድ እጁ ስልክ ስለያዘ በጭኑ ላይ።

ትምህርቱ ተጀመረ። ሚስ ፕሮጀክተሩ ላይ የልጆቹን ገጽ ከፈተች፤ በእጇ ያለችው ታብሌት ላይ ደግሞ የራሷን። ሥዕል ይመጣል፣ ልጆቹ ቃሉን ይላሉ፣ ተነሥተው እንቅስቃሴውን ያሳያሉ። ቅርጫት ኳስ፣ ብስክሌት፣ ዋና። አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ዋኘች፤ እናቷ በአፏ ሳቀች በዓይኗ ተቆጣች። ግብ ጠባቂው ሲመጣ ልጆቹ ሥዕሉን አውቀውት «ጎልኪፐር» ማለቱን ትተው «ኮች» ብለው ጮኹ።

የዚያን ጊዜ ታብሌቱ ላይ ሦስተኛው ክብ በራ። ጅቡ መጣ። እዚያው ካርድ ላይ ተቀመጠ።

ሚስ ቀና ብላ አባቷን አየች። ሁለት እጁ ሁለት ጉልበቱ ላይ ነው። ስልኩ ከጎኑ የተቀመጠችው ጸሐፊ ጋ ነው፣ ጠፍቶ፣ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጦ። ኢንጂነሩ ይቀርጻል። መምህራኑ ባዶ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጅብ ሊሆን የሚችል ሰው አንድም የለም። ሦስት ቀን ሙሉ አባቷን ስትፈራ ከርማ፣ አሁን የምትፈራውን ማጣቷ የበለጠ አስፈራት።

በአንድ ጣቷ፣ ከሁለቱ ደብዳቤዎች ሥር፣ «ማን ነህ?» ብላ ጻፈች።

ለምን ወደ መስኮቱ እንዳየች ራሷም አታውቅም። በመስታወቱ ማዶ ግቢው ባዶ ነው። ከግቢው ማዶ በሩ፣ ከበሩ ጎን በርጩማ፣ በበርጩማው ላይ አባ ቆልፍ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ልጃቸው የሰጣቸውን አሮጌ ስልክ አፍንጫቸውን እስኪነካ አስጠግተው። አነበቡ። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉና ራሳቸውን ቀና አድርገው በቀጥታ የሦስተኛ ክፍልን መስኮት አዩ።

ታብሌቱ ላይ ጅቡ ጠፋ።

በግሩፑ የሚላከውን ሁሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ከፍቶ የሚያይ ሰው በግቢው አንድ ብቻ እንደነበረ ሚስ አሁን ነው የታወሳት። ሌላው አውራ ጣት ልኮ ያልፋል። አባ ቆልፍ ግን በሩ ላይ የደረሰን ነገር ሳያዩ ማሳለፍ ሙያቸው አይደለም። የከፈቱት የልጃቸውን ሥዕል ሊያዩ ይሆናል፤ ያገኙት ግን ጀርባውን ነው። «አባቴን ሜዳ ላይ ጥዬ» የሚለውን አንብበዋል። «ዘጠኝ ሰው» የሚለውን አንብበዋል። የልጃቸውን መንገድ የዘጋው በር የትኛው እንደሆነ፣ ቁልፉን ትራሳቸው ሥር አድርገው ሲተኙ ከርመው፣ ከሦስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ተረድተዋል። ሚስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ኮች ከበሩ አጠገብ ሆኖ አያት። ያየው እንባዋን አልነበረም፤ ዓይኗ ያረፈበትን ነበር። በመስኮቱ ሥር ኢንጂነሩ አለ። እንዲህ ባለ ፊት እኔን አይታኝ አታውቅም ብሎ አሰበ፤ መረጠች ብሎ አሰበ፤ መልካም አደረገች ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም።

ልጆቹ ግብ ጠባቂ ሆነው ወለሉ ላይ እየተወረወሩ ነበር። ጭብጨባው ሲበርድ ጋሽ ማኅተም ማይኩን አንሥቶ ተነሣ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ክቡራን ወላጆች፣ አሁን ደግሞ የቤተሰቤን አንድ ደስታ» ሲል በሩ ተከፈተ።

አባ ቆልፍ በሥራ ሰዓት ከባንዲራ መስቀያው ወዲህ አልፈው የታዩበት ቀን የለም። ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈውታል። ኮፍያቸውን አውልቀው ለወላጆቹ እጅ ነሡ፤ በልጃቸው አጠገብ ሳያዩት አለፉ፤ ዳይሬክተሩ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ የቁልፉን ዘለላ አስቀመጡ። ብረቱ እንጨቱን ሲነካ የተሰማው ድምፅ በማይኩ ገብቶ በግቢው አስተጋባ።

«በሩን የሚረከበኝ ሰው ይላኩ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ዘበኛ አይደለሁም።»

ጋሽ ማኅተም ወደ ወላጆቹ ፈገግ አለ። አባባን ሙቀቱ ነክቷቸዋል፣ ውሃ ስጧቸው፣ ይቀመጡ አላቸው። አባ ቆልፍ አልተቀመጡም። ቤቱን መጥረጋቸውን፣ የሳቸው ዕቃ በአንድ ሻንጣ ማለቁን፣ ትንሹ ቁልፍ የቤቱ፣ ትልቁ የበሩ መሆኑን ነገሩት።

«አባዬ» አለ ኮች። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር። «ምንድነው የምታደርገው? የት ልትሄድ ነው?»

አባ ቆልፍ አሁን ዞረው አዩት። 

«ከእንግዲህ በር ከፋችህ አይደለሁም» አሉት። «የራስህን ቁልፍ ፈልግ።»

ወላጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኮች አልሳቀም። ከአባቱ ፊት ወደ ሚስ ፊት ተመለከተ፤ እሷ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ አንዴ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ የዚያን ጊዜ ገባው። ጅቡ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ትናንት ለምን ራት እንዳልበላም።  

ጋሽ ማኅተም ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያይ ነበር። አንድ ነገር እያለፈው እንደሆነ ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም፤ ይህ ደግሞ በሕይወቱ የማይችለው ነገር ነው። ማይኩ አፉ አጠገብ እንዳለ ረሳው።

«ማን ምን አለህ?» አለ፤ «አለህ» የሚለው በግቢው ዞሮ ተመለሰ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቤት ሰጥቼሃለሁ። ልጅህን አስተምሬልሃለሁ። ዛሬ በሰው ፊት ቁልፍ ስትወረውርብኝ ምክንያቱን ማወቅ የለብኝም? ልጅህ ነው? ሌላ ሰው ነው? ተናገር እንጂ።»

 ወለል ላይ የነበሩት ሕፃናት እንኳ አልተነሡም። ኢንጂነሩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ጋሽ ማኅተም በእጁ የያዘው ወረቀት አልተነበበም፤ እንደታጠፈ ነበር።

አባ ቆልፍ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ፣ በሁለት እጃቸው አስተካከሉት።

«ምክንያትስ አለኝ» አሉ። «አልናገርም።»